ለአራሹ መሬት፣ ለብሔረሰቡ ወንበር፤ ለባለእጁስ?

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስድብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው የሰደበ ሰው ንጉሠ ነገሥቱን እንደ ሰደበ ተቆጥሮ አንድ ዓመት ይታሰራል። አዋጁ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን ያስታውሳል፤ ባለእጅ የሚሰደብበት አገር ባዶውን እንደሚቀርም ያስጠነቅቃል።

ንጉሡ ያዩትን ነው የተናገሩት። አንጎለላ ተወልደው፣ ከመቅደላ አምልጠው ሲመለሱ የአባቶቻቸውን ዙፋን የያዙት አንኮበር ላይ ነው። የአንኮበር ቤተ መንግሥት ደግሞ ከአያታቸው ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ያለባለእጅ የሚውል ቤት አልነበረም። ጦሩን የሚሠራው፣ ሸማውን የሚሸምነው፣ ጋኑንና ገንቦውን የሚያቀርበው ሁሉ በየግቢው ዙሪያ ሰፍሮ ነበር። ንጉሡ ይፈልጓቸዋል፣ ሕዝቡ ይጠቀምባቸዋል፤ ግን አብሯቸው ማዕድ የሚቆርስ አልነበረም።

አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በጎረቤላና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ሠሪውን ፊት ለፊት መስደብ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ሰዉ ይተዛዘባል፤ የተማረውም በዝቷል። ነገሩ የሚወጣው ሽማግሌ ሲላክ ነው። «ዘሩ ከማን ነው? አጥንቱስ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ ደመወዙ ወይም ስለ ትምህርቱ አይደለም። አያቱ ወናፍ ነፍቶ እንደሆነ፣ ቅድመ አያቱ ሸክላ ሠርታ እንደሆነ ለማጣራት ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ሳይናገሩ ይቀራሉ፤ ልጁም ምክንያቱን ሳይነገረው ያውቀዋል።

እጅግ የሚያስቆጨው ይኼ ንቀት የሚያርፍበት ሰው ማን እንደሆነ ሲታሰብ ነው። ክረምት ሲቃረብ ገበሬው ማረሻውን ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ይወርዳል። ጫፉ ያለቀ ማረሻ መሬት አይገባለትም። ሠሪው ብረቱን ከሰሉ መሀል ይቀብረዋል፤ ልጁ በቆዳ የተሰፋውን ወናፍ በሁለት እጁ እያፈራረቀ ይነፋል። ብረቱ ቀልቶ ወደ ቢጫነት ሲጠጋ በጉጠት ያወጣውና መስፉ ላይ አጋድሞ ይቀጠቅጠዋል፤ ጫፉን አሹሎ፣ ትከሻውን አስተካክሎ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ገበሬው ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያወጋዋል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬው፣ ስለ ገብሱ ዋጋ። ያ ማረሻ ባይሳል ዘንድሮ የሚዘራ የለም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ያም ሆኖ ከመካከላቸው አንዱ ቤት ድግስ ሲሆን ሌላኛው የሚቀመጥበት ቦታ ሌላ ነው።

ሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ ናት። አፈሩን ቆፍራ፣ ተሸክማ፣ ገል ፈጭታ ቀላቅላ፣ ረግጣና አሽታ፣ ምጣዱን በእጇ ዘርግታ በጠጠር ታለሰልሰዋለች። በኩበትና በእንጨት ትተኩሰዋለች፤ ከአሥሩ ሁለት ሦስቱ እሳት ላይ ቢሰነጠቅባት ጉዳቱ የእሷ ነው። የተረፈውን አዝላ ገበያ ትወጣለች። ገዢዋ ምጣዱን ወስዳ በጎመን ዘር አሟሽታ እንጀራ ትጋግርበታለች፤ ቤተሰቡ በሙሉ ከዚያ ምጣድ ይበላል። የሠሪዋ እጅ የነካው ምጣድ ንጹሕ ነው፤ የሠሪዋ ልጅ ግን አይነካም። ይህ ነገር ለረጅም ዘመን ስለተለመደ እንግዳነቱ የማይታያቸው ብዙ ናቸው።

ንቀቱ ከሥራው የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ሊያስቡ ይገባል። በሸዋም በጎንደርም በእንዝርት ጥጥ መፍተል የወይዛዝርት ሙያ ነበር፤ ጥሩ ፈታይ መሆን ለባላባት ሚስት ክብር ነው። ያንኑ ፈትል ተቀብሎ ድርና ማግ አድርጎ የሚሸምነው ሰው ግን የተናቀ ነው። ወደ ጋሞ ሲኬድ ነገሩ ይገለበጣል። በዚያ ሽመና የማላው፣ ማለትም የባለ መሬቱ ወገን ሥራ ነው፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ በሽመናቸው የታወቁት የዶርዜ ሰዎች አገራቸው ላይ የተናቁ አይደሉም። እዚያ የተገለሉት ሸክላ የሚሠሩት ማናና ብረትና ቆዳ የሚሠሩት ደጋላ ናቸው። ያው ሥራ አንዱ አገር ያስከብራል፣ ሌላው አገር ያዋርዳል። ስለዚህ ምንጩ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ምንጩ መሬት ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ወሰኑ የሚለው ትውፊት በጎንደር በኩል በሰፊው ይነገራል። ርስት የሌለው ሰው በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ይሆናል፤ ወይም መሬት የማይጠይቅ ሥራ ይይዛል። መዶሻና ወናፍ፣ ሸክላና መወርወሪያ እርሻ ለተከለከለ ሰው የቀሩ እንጀራዎች ነበሩ። ርስት በአጥንት በሚቆጠርበት አገር ርስት የሌለው አጥንት የለውም ተብሎ መቆጠሩ አልቀረም። ቀጥሎ አፈ ታሪኩ ተከተለ፤ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ፤ ዓይኑ ይበላል። መሬቱን የነጠቀው ሕግ ተረሳና ቡዳ የሚለው እምነት ብቻ ቀረ።

ይህ የጎንደር ብቻ ታሪክ አይደለም። ከ1831 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት አንኮበር የተቀመጠው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ በጫካ ውስጥ በገዳም ሥርዓት ስለሚኖሩ ጠቢባን ጽፏል። በብረት፣ በሽመናና በሸክላ የተካኑ ነበሩ። ሕዝቡ በጥንቆላና በቡዳነት ይፈራቸዋል፤ በምሥጢር የሚይዙት እምነት የአይሁድ ነው ተብለውም ይጠረጠሩ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነት ውል የተፈራረመው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስም ስለነሱ ሰምቷል። ምኒልክ አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ ከሰሜን ሸዋ የሄዱ ባለእጆች በከተማው ሰሜናዊ ጥግ ሰፈሩ፤ ቀጨኔ ዛሬም በሸክላ ሠሪ እናቶችና በሸማኔዎች የታወቀ ሰፈር ነው። ከመካከላቸው ራሳቸውን ቤተ አብርሃም ብለው የሚጠሩና የአይሁድ ዘር ነን የሚሉ አሉ። ለረጅም ዘመን ይህን የሚናገሩት በር ዘግተው ነበር።

ከአንኮበር ተራራ ሥር፣ ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ፣ ሌላም ታሪክ አለ። አልዩ አምባ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚራገፍበት ገበያ ነበር፤ በአቅራቢያው አብዱል ረሱል ላይ ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ ሙሉ በሙሉ የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። የባሪያ ልጅ የሚለው ቃል ግን ከአዋጁ በኋላም በሽማግሌ ጥያቄ ውስጥ ቆይቷል። የባለእጁና የባሪያው ልጅ ዕጣ በዚህ ይገናኛል።

ወደ ፖለቲካው ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል። የኢትዮጵያ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በኅዳር 1962 ከተማሪዎቹ አንዱ ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ የሚያነሣ ጽሑፉን አቀረበ። ሁለቱ ጥያቄዎች የዚህችን አገር ቀጣይ ሃምሳ ዓመት ቀርጸዋል፤ ደርግ የመጀመሪያውን፣ ኢሕአዴግ ሁለተኛውን ይዞ መንግሥት ሆነ። ባለእጁ ግን አራሽ አይደለም፤ ብሔረሰብም አይደለም። በሁለቱ ታላላቅ ጥያቄዎች መካከል ሾልኮ ቀረ።

ያም ቢሆን የመጀመሪያው መልስ ጠቅሞታል፤ ይህን መካድ አይገባም። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 በራሱ ጉልበት ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። ርስት በአጥንት መቆጠሩ በሕግ አበቃ። ለብዙ የባለእጅ ቤተሰብ በስሙ የሚታረስ ማሳ ማግኘት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የደርግ ካድሬ ሠሪውን መስደብ ፊውዳልነት ነው ብሎ ያስተማረ ሲሆን፣ በ1969 ዓ.ም. የእደ ጥበብና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት ተቋቁሞ ሸማኔዎች በማኅበር ተደራጁ። በደቡብ ኢትዮጵያ በተገለሉ የእጅ ባለሙያዎች ላይ የታወቀውን ጥናት በ1990ዎቹ ያሰባሰቡት ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክኸርስትም ደርግ በዚህ ረገድ ያመጣውን ለውጥ መዝግበዋል። ለውጡ ግን በአብዮት ስብሰባ ላይ የተጫነ ነበር። ሊቀመንበሩ ሲወርድ ብዙው አብሮ ወረደ።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ፣ በትውልዱ ወይም በሌላ አቋሙ ልዩነት እንዳይደረግበት ይደነግጋል። ቃሉ ግልጽ ነው፤ ባለእጁን ያቅፋል። ሥልጣን የሚከፋፈለው ግን በሌላ አንቀጽ ነው። አንቀጽ 39 ብሔረሰብን ሲተረጉም የጋራ ባህል፣ የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ሥነ ልቡናና የተያያዘ መልክዓ ምድር ይጠይቃል። አንቀጽ 54 ከ550 የማይበልጡ የሕዝብ ተወካዮች ወንበሮች ውስጥ ቢያንስ 20ው የአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆኑ ይላል። አንቀጽ 61 ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወንበር ይሰጣል። አማርኛ የሚናገረው፣ በየቀበሌው ተበታትኖ የሚኖረው፣ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው የአንኮበር ቀጥቃጭ በየትኛውም መስፈርት አይገባም።

ንጽጽሩ ከደጃፍ ይገኛል። የአርጎባ ሕዝብ ከአንኮበር ቁልቁል ባሉ አምባዎች የሚኖር፣ በሽመናና በንግድ የታወቀ፣ ቋንቋው ሊጠፋ የደረሰ ትንሽ ብሔረሰብ ነው። በአማራ ክልል የራሱ ልዩ ወረዳ አለው፤ በስሙ የተመሠረተ ድርጅትም በ2002 ዓ.ም. ምርጫ የተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ አንድ መቀመጫ አግኝቷል። ይህ ተገቢ ነው፤ ለአርጎባ የተሰጠው ለማንም የተነፈገ አይደለም። የሚጠቁመው ግን አለ። ሥርዓቱ ትንሽ ቁጥር ያለውን ሕዝብ መስማት ይችላል፤ የሚሰማው ግን በቋንቋና በብሔር ስም ሲናገር ብቻ ነው።

ይህን የተረዱ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ያሉ የተገለሉ ወገኖች በዚያው በር ለመግባት ሞክረዋል። በካፋ በእንጨትና በከሰል ሻጭነት የሚታወቁት ማንጃዎች ለዘመናት ከጎረቤቶቻቸው ቤት ሳይገቡ ኖረው፣ ራሳቸውን የቻሉ ብሔረሰብ ነን የሚል አቤቱታ አንሥተዋል። ስልጤ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ የተለየ ማንነት ያለው ሆኖ መታወቁ ብዙዎችን አበረታቷል። ማንጃው ግን የሚናገረው ካፍኛ ነው፤ የተበደለው በቋንቋው አይደለም። በደሉን ለማስረዳት የሌለ ልዩነት እንዲፈልግ መገደዱ ራሱ ሌላ በደል ነው። በጣና ዳርቻ የሚኖሩት፣ ጉማሬ በማደናቸው የተገለሉት ወይጦዎችም የራሳቸውን ቋንቋ ካጡ ቆይተዋል፤ አማርኛ መናገራቸው ከመገለል አላዳናቸውም።

ሌላ መንገድ መኖሩን ህንድ አሳይታለች። ቢምራኦ አምቤድካር በትምህርት ቤት ከሌሎች ተለይቶ የሚቀመጥ፣ የውኃውን ዕቃ በእጁ እንዳይነካ የተከለከለ ልጅ ነበር። አድጎ የነጻይቱን ህንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መራ። እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ የዋለው ያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 «የማይነካ» የሚባል ሰው እንዳይኖር ከለከለ። በዚያ አልቆመም፤ ለተገለሉት ጎሣዎች የምክር ቤት ወንበር፣ የመንግሥት ሥራና የትምህርት ዕድል በሕግ መደበ። ዛሬ ከታችኛው ምክር ቤት 543 ወንበሮች 84ቱ ለእነሱ የተመደቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው 73ኛው ማሻሻያ ደግሞ ይህንኑ ወደ መንደር ምክር ቤት፣ እስከ ሊቀመንበርነቱ ድረስ፣ አወረደው። አምቤድካር ራሱ ሕገ መንግሥቱ ሊጸድቅ ሲል አስጠንቅቆ ነበር፤ በድምፅ እኩል የሆነ፣ በኑሮና በክብር ግን እኩል ያልሆነ ሕዝብ ያለበት ዴሞክራሲ ዕድሜው አጭር ነው ብሎ። ወንበር ብቻውን ንቀትን አላጠፋም፤ በህንድ ከጎሣው ውጭ አገባ ተብሎ የሚገደል ወጣት ዛሬም አለ። ሆኖም አቤቱታው የሚሰማበት፣ ገዳዩ የሚጠየቅበት ምክር ቤት ውስጥ ያ ወጣት ወገን አለው።

በጎረቤላ ይህን መድገም ቀላል አይሆንም፤ ዋናው እንቅፋት ስም ነው። ለባለእጅ ወንበር ለመስጠት ባለእጁ ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። የ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ ብሔረሰብን፣ ቋንቋንና ሃይማኖትን ጠይቋል፤ በትውልዱ የተገለለን ሰው ግን የሚለይበት ጥያቄ አልነበረውም። ቢጠየቅስ የሚናገር ስንት ነው? ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ገብቶ ዘሩን የማያውቅ ጎረቤት ያገኘ ሰው እንዲያውቁበት አይፈልግም፤ ደግ አደረገ። ልጁ በቴክኒክና ሙያ ብየዳ ተምሮ የበርና የመስኮት ሥራ ቤት ሲከፍት ማንም ወናፉን አያስታውስበትም። መሸሸግ ግን መፍትሔ የሚሆነው ለሚወጣው ነው። ቀዬው ላይ ለሚቀረው፣ በተለይ ለሸክላ ሠሪዋ፣ የፕላስቲክ ጀሪካን እንስራዋን ከገበያ አስወጥቶባት፣ አሉሚኒየም ድስቷን ተክቶባት፣ ንቀቱ ብቻ ሳይሸጥ ቀርቶባታል።

ንቀቱ ደግሞ ሕይወት የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። አንድ ሰው በድንገት ሲታመም ቡዳ በላው ተብሎ ይለፈልፋል፤ በጭስና በመድኃኒት እየተጨነቀ «ማን በላህ?» ይባላል። የሚጠራው ስም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ መንደሩ ውስጥ የምትጠረጠረው ሸክላ ሠሪ ናት ወይም ቀጥቃጩ ነው። ስሙ የተጠራው ሰው በዚያች ሰዓት በደጁ ሕዝብ ሊሰበሰብበት ይችላል። ይህ የባህል ጨዋታ አይደለም፤ ሰውን በሐሰት መወንጀል ነው። ፖሊስና የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር «የመንደር ወሬ» ብለው ሲያልፉት አንቀጽ 25 በወረቀት ላይ ይቀራል።

የአካባቢ ምርጫ በኢትዮጵያ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ አልተካሄደም። ከዚያ በፊት በ2000 ዓ.ም. በተደረገው ከሦስት ሚሊዮን በላይ ወንበሮች ለውድድር ቀርበው ነበር፤ በአንድ ቀበሌ ምክር ቤት ከመቶ ያላነሰ ሰው ይቀመጣል ማለት ነው። ከመቶ ሰው መካከል አንድ ቀጥቃጭና አንዲት ሸክላ ሠሪ ማግኘት የሚከብድ አይመስልም። ምርጫው ዘግይቷል፤ በአማራ ክልል ያለው ግጭትም ነገሩን አክብዶታል፤ የዘገየ ነገር ግን ለመዘጋጀት ጊዜ ይሰጣል።

ለዚህ ሕገ መንግሥት እስኪሻሻል መጠበቅ አያሻም። ኢሕአዴግ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከእጩዎቹ 30 በመቶው ሴቶች እንዲሆኑ የወሰነው በራሱ ነው፤ በተወካዮች ምክር ቤት የሴቶች ድርሻ በአንድ ምርጫ ከ8 በመቶ በታች ከነበረበት ወደ 21 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ደግሞ ሴቶችንና አካል ጉዳተኞችን በእጩነት ያቀረበ ፓርቲ የመንግሥት ድጋፍ ሲከፋፈል እንዲታሰብለት አድርጓል። በዚያ ዝርዝር ላይ በሥራቸውና በትውልዳቸው የተገለሉ ወገኖችን መጨመር አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። እጩው ዘሩን በሕዝብ ፊት እንዲናዘዝ ማስገደድም አያስፈልግም፤ የሸማኔዎችና የሸክላ ሠሪዎች ማኅበራት ራሳቸው መርጠው ቢልኩ ይበቃል። ማኅበራቱ ዛሬ ለብድርና ለመሸጫ ቦታ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይመላለሳሉ። ብድሩንና ቦታውን የሚመድበው ምክር ቤት ውስጥ ግን አባላቸው የለም፤ በጎረቤላ መጀመር ያለበት እዚህ ላይ ነው።